ድንኳኑ እስኪነሳ

ይትባረክ ከተቀበረ በኋላም በየቀኑ አመሻሹ ላይ ከልጁ ጋር ያወራ ነበር።

ስልኩ የሚጠራው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ሚስቱ ወይዘሮ ቢታንያ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ከጠረጴዛው አጠገብ ትቀመጣለች። ኖላዊት ከሩጫ ኮሌጇ ሆና «አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?» ትላለች። ይትባረክ ፀጉር ሲቆርጥ በሚያወራበት በዚያ ዝግ ያለ ድምፁ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ፣ እግሮችሽ እንዴት ዋሉ?» ይላታል። ቀጥሎ ተራው የቢታንያ ይሆናል። እሷም ደህና መሆኗን ትናገራለች። ሲጫወቱ የሰማ ሰው ከሦስቱ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተኝቷል ብሎ አይጠረጥርም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ይትባረክ ልቡ ቀጥ ብሎ ከፀጉር መቁረጫ ወንበሩ አጠገብ የወደቀ ሰሞን፣ ኖላዊት ለኮሌጆች ሩጫ እየተዘጋጀች ነበር። ሰፈሩ ከቀብር ሲመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጅቷን መቼ እናርዳት?» የሚል ሆነ። በወጉ መሠረት ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ፈተና ላይ ያለ ልጅም ፈተናውን እስኪጨርስ ይደበቃል። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ያፌትም «ሮጣ ትጨርስ፤ ከዚያ ሄደን በወጉ እናረዳታለን» አሉ። ችግሩ በየምሽቱ የሚጠራው ስልክ ነበር።

ለዚያም ኮሌጁ መላ አላጣም። ከቤተሰብ ጉዳይ ክፍል ወይዘሪት ሳምራዊት የምትባል ትሁት ልጅ ተላከች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ ከንፍሮው ዘግና ቀመሰች፤ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለች። የይትባረክ ድምፅ ከቀድሞ ጥሪዎቹ ተጠራቅሞ ኮሌጁ ዘንድ እንዳለ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ እስከ ሩጫው ቀን ድረስ እንደሚያገለግል በዝርዝር አስረዳች።

«የራሳችን ባህል ነው እኮ፣ እናቴ። እኛ ማገዝ ብቻ ነው።»

ቢታንያ መፍቀዷን ለማረጋገጥ አውራ ጣቷን ሰጠች፤ ሳምራዊትም በያዘችው መስታወት ላይ አሳርፋ ተቀበለቻት።

ሩጫው አለፈ፤ ኖላዊት አሸነፈች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ፣ ስላሸነፈች ለአህጉሩ ውድድር መታጨቷ ተሰማ። ከአህጉሩ ቀጥሎ የዓለሙ መጣ። መርዶው ከውድድር ወደ ውድድር ተሸጋገረ፤ እየቆየም ሰው ስለ እሱ ማንሳቱን ተወ።

ቢታንያ የምትኖርበት ሕንፃ በደብረ ብርሃን «የሯጯ ሕንፃ» ይባላል። ከመግቢያው በላይ የኖላዊት የሩጫ ደረጃ በቁጥር ቀን ከሌት ያበራል። እሷ ከፊተኞቹ ተርታ እስካለች ድረስ አሳንሰሩ ይሠራል፣ ውኃውም ሳይቋረጥ ይወርዳል። ከማዶ ያለው ሕንፃም ሯጭ ነበረችው። ልጅቷ ጉልበቷን ታማ ከተመለሰች ወዲህ ነዋሪዎቹ ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ ይታያሉ። እሷ ግን ከቤት ስትወጣ ያየ ሰው የለም።

በቢታንያ ሕንፃ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሰላምታ በፊት ቀና ብሎ ቁጥሩን ያያል። «ልጃችን ዛሬ ወረድ ብላለች። ምነው፣ እንቅልፍ አጣች እንዴ?» ይሏታል ቢታንያን። በክፋት አይደለም፤ ስለ ዝናብ እንደሚነጋገር ሰው ነው። ኖላዊት በወረደች ቀን ቢታንያ አሳንሰሩ ውስጥ መቆም ታፍርና ዘንቢሏን ይዛ በደረጃው ትወጣለች። ልጅቷ አንድ ጊዜ፣ አባቷ በሕይወት ሳለ፣ «እማዬ፣ ደክሞኛል። እግሬን አይደለም» ብላት ነበር። ቢታንያ «በርቺ የኔ ልጅ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያየው አንቺን ነው» አለቻት። ማበረታታቷ ነበር።

ይትባረክ በሕይወቱ ሙሉ አንዲት ቀልድ ነበረችው። አንድ ገበሬ ወደ ፀጉር ቤቱ ይመጣና «እንደ ሀብታም አድርገህ ቁረጠኝ» ይለዋል። ይቆርጠዋል። ገበሬው ከፍሎ መልሱን ሲጠብቅ፣ ይትባረክ «ሀብታም መልስ አይጠብቅም» ይለዋል። ይኸው ነው። ኖላዊት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ገበሬው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ «ሰምቼዋለሁ» ብላ ታቋርጠዋለች። የሁለቱ ጨዋታ ይህ ነበር፤ እሱ ሊጨርስ ይሞክራል፣ እሷ አታስጨርሰውም። እሱም በሐሰት ያኮርፋል።

የሞተው ይትባረክም ቀልዱን ያወራል። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ አመሻሽ ላይ ጀመረው፤ ኖላዊት እንደ ልማዷ «ሰምቼዋለሁ» አለች። ድምፁ አላቆመም። «አባዬ?» አለች። ገበሬው ተቆረጠ፣ ከፈለ፣ መልሱን ተከለከለ። በስልኩ ወዲያ ማዶ ለረጅም ጊዜ ዝም ተባለ። ቢታንያ ደንግጣ ስለ አየሩ ብርድ ማውራት ጀመረች። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ኖላዊት ቀልዱን እስከ መጨረሻው አዳምጣ መሳቅ ያዘች። ቢታንያ ልጄ አባቷ ቢናፍቃት ነው አለች። ሳቁ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይመጣል፤ በዚያው ልክም ያበቃል።

አንድ ቀን ከታችኛው ፎቅ ያለችውን አራስ ልትጠይቅ ወርዳ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ረሳችው። ስትመለስ ከደጅ ሆና ድምፅ ሰማች። ባሏና ልጇ ይጫወታሉ።

«እማዬስ?»

«ደህና ናት። ገበያ ብቅ ብላ ነው።»

«ሰላም በልልኝ።»

ቀጥሎ ገበሬው መጣ፤ ሳቁም ተከተለ። ቢታንያ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። ቤቷ ውስጥ ሁለት ሰዎች ያለ እሷ ያወራሉ። አንደኛው መሞቱን ታውቃለች። ሌላዋ የት እንዳለች ግን በዚያች ሰዓት ማወቅ አቃታት።

ሲነጋ ለሳምራዊት ደወለች።

«ልጄ፣ ማታ ማታ የምታናግረኝ ኖላዊት ናት?»

«ድምፁ የእሷ ነው፣ ወይዘሮ ቢታንያ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እሷ ናት ወይ ነው ያልኩሽ።»

ሳምራዊት በዚያው ትህትናዋ ሁሉንም ነገረቻት። ኖላዊት ክረምቱ ሲገባ መናገር አቁማለች። እንደ ሕመም አልተቆጠረም። የታዘዘላትን ትበላለች፣ የታዘዘችውን ትሮጣለች፤ እንዲያውም ፍጥነቷ ጨምሯል። ከልምምድ መልስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ ከጓደኞቿም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ጤናዋን የሚከታተለው የእጅ አምባሯም አረንጓዴ ነው። ቤተሰብ እንዳይረበሽ ሲባል የእሷም ድምፅ እንደ አባቷ ድምፅ ያለ እሷ እንዲቀጥል ተደርጓል።

«ይኼን ያደረጋችሁት ለማን ብላችሁ ነው?»

«ለእርስዎ፣ እናቴ። እርስዎስ የአባቷን ድምፅ የፈቀዱት ለእሷ ብለው አይደል?»

ቢታንያ ስልኩን ዘግታ ወደ ጋሽ ያፌት ቤት ወጣች።

ጋሽ ያፌት የሚኖሩት ከላይኛው ፎቅ ነው። ቢታንያ አልቅሳ ስትጨርስ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ሲያዩ ቆዩ። እሳቸውም በውሳኔው እንደነበሩበት አልካዱም።

«መርዶ እንደብቃለን፤ አባቶቻችንም ይደብቁ ነበር» አሉ። «የምንደብቀው ግን የምንነግርበት ቀን ስላለ ነው። ይኼኛው ቀን የለውም። ሂጂና አርጃት፤ ድንኳኑን እኔ አስተክላለሁ።»

ስለ አሳንሰሩ እሳቸውም አላነሱ፣ እሷም አላነሳች።

ኮሌጁ የተሠራው ከተራራው አናት ላይ፣ አየሩ ስስ ከሆነበት ነው። ለጎብኚ ወላጆች በወፍራም መስታወት የተጋረደ ሰገነት አለ። በሩ ላይ ከጆሮ የምትሰካ፣ ሽምብራ የምታህል ማዳመጫ ይሰጣል። ቢታንያ ስትገባ ሌሎች እናቶች መስታወቱን ተጠግተው ቆመዋል፤ በጆሯቸው የሚሰሙትን እያዳመጡ ፈገግ ይላሉ። ከታች ልጆቹ ይሮጣሉ። ከልጆቹ አንዱም አፉን አልከፈተም።

ኖላዊትን ከመሮጫው አስወጥተው ወደ መስታወቱ አቀረቧት። የአንገቷ አጥንት ወጥቷል። ፊቷ ላይ ለሥዕል የተዘጋጀ የሚመስል ፈገግታ አለ።

«እማዬ፣ እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ» አለ በቢታንያ ጆሮ ያለው ድምፅ። የልጅቷ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም።

ቢታንያ በመንገድ ላይ ቃሉን ስታጠናው ነው የመጣችው። «ኖሊዬ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ወስዶታል» አለች። ኖላዊት እሺ እንደሚል ሰው ራሷን ነቀነቀች፤ ፈገግታዋም እንዳለ ነው። ቢታንያ በልጇም ጆሮ ውስጥ ሽምብራዋን አየች። «አባትሽ ሞቷል፣ ልጄ» አለች፤ እንዲህ ፊት ለፊት ይባላል ብላ አስባ አታውቅም። ኖላዊት አሁንም እንደ ጥሩ ዜና ተቀብላ ነቀነቀች። ቢታንያ የምትናገረው ሁሉ መስታወቱን ሲያልፍ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር።

ያን ጊዜ መናገሯን ተወች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። በደህና ቀን ወደ ታች የሚውለውን ጥለት ወደ ላይ አዞረች፤ አንገቷ ሥር አድርጋ፣ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው። እጆቿን አጣምራ ቆመች።

የኖላዊት ዓይን ከእናቷ ፊት ወደ ትከሻዋ ወረደ። ጥለቱን አየች። ፈገግታው ሰው በወጣበት ቤት እንደተረሳ መብራት ጥቂት ቆየና ጠፋ። ቀስ ብላ እጇን አነሣች፤ ሁለት ጣቶቿን እንደ መቀስ ከፍታ ገጠመች።

ቢታንያ በአዎንታ ራሷን ዝቅ አደረገች።

ኖላዊት እዚያው መሮጫው ላይ ተቀመጠች። «የዛሬው ልምምድ በጣም ደስ ይላል፣ እማዬ» አለ ድምፁ። ቢታንያ ሽምብራዋን ከጆሮዋ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠቻት።

ሯጮቹ ዞረው መጡ። መጀመሪያ ከተቀመጠችው ልጅ ፈቀቅ እያሉ አለፏት። በሁለተኛው ዙር አንድ ረጅም ልጅ ፍጥነቱን ቀነሰ። ኖላዊትን አየ፤ ቀና ብሎም ነጠላውን አየ። ያዘነ ሰው ብቻውን አይቀመጥም፤ ይህን ማንም ቤት ሳይማር ያደገ ልጅ የለም። አጠገቧ ተቀመጠ። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ተቀመጠች፤ ከእሷ በኋላ ሌሎቹ። መሮጫው ጸጥ አለ። አንዳንዶቹ ወደ ሰገነቱ ቀና ብለው የራሳቸውን እናት ነጠላ ይፈልጉ ነበር። ከእናቶቹ መካከል አንዷ ሳቋን አቋርጣ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች።

ወይዘሪት ሳምራዊት አልተቆጣችም። አምባሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀልተው አደጋ የደረሰ መስሎ እንደነበር ነገረቻት፤ ጥፋቱም የማንም እንዳልሆነ ጨመረች። ሐዘን የደረሰበት አትሌት ወደ ቤቱ እንዲሄድ ይፈቀዳል።

«እስከ መቼ?» አለች ቢታንያ።

«ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ። ደንባችን እንዲህ ነው የሚለው፤ ባህላችንን እናከብራለን።» ጥቂት አሰበችና «ከዚያ መኪና እንልካለን። አምባሩ ባይወልቅ ጥሩ ነው፤ ሕንፃውም በእሷ ስም ነው ያለው» አለች።

ድንኳን በሰልስቱ እንደሚነሳ ሁለቱም ያውቃሉ።

መንገድ ላይ ኖላዊት ራሷን በእናቷ ጭን ላይ አድርጋ ተኛች። አንዲት ቃል አልወጣትም። ጀምበር ስትጠልቅ የቢታንያ ስልክ ጠራ፤ ሳይነኩትም ተከፈተ። «አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?» አለች ኖላዊት ከስልኩ ውስጥ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ይትባረክ። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ የራሷን ድምፅ አዳመጠች። ቢታንያ ስልኩን በዘንቢሉ ውስጥ ከልብሱ ሥር ቀበረችው። ሳቁ ከዚያም ይሰማ ነበር።

ሲደርሱ ድንኳኑ በሕንፃው ግቢ ተተክሎ ጠበቃቸው። ሰፈሩ ከወራት በፊት የቀበረውን ሰው እንደ አዲስ አለቀሰው። ኖላዊት በመጀመሪያው ቀን እንባዋ አልቆመም። ከዚያ ፍራሹ ላይ ፊቷን ወደ ሸራው አዙራ ተኛች። ሰው ሲያናግራት ጋቢውን ወደ ላይ ትስበዋለች። ከድንኳኑ ደጅ አንድ እርምጃ ስትወጣ አምባሩ ይነዝራታል፤ ሐዘኗ አብቅቶ ወደ ሩጫ የተመለሰች መስሎት ነው። ተመልሳ ትገባለች።

ሰልስቱ ወጣ። የእድሩ ወጣቶች ካስማውን ሊነቅሉ ሲያጎነብሱ ጋሽ ያፌት ከዘራቸውን ዘረጉ።

«ተዉት። ለቀስተኛ ገና እየመጣ ነው።»

በግቢው በር የሚገባ ሰው አልነበረም። ወጣቶቹ ተያዩና እጃቸውን አራገፉ። ለመሄድ ተነሥታ የነበረች አንዲት ሴት በርጩማዋን መልሳ አስቀመጠች።

በማግስቱ ከመግቢያው በላይ ያለው ቁጥር ጠፋ። ውኃው መንጠባጠብ ጀመረ፤ ከሰዓት በኋላ አሳንሰሩ ቆመ። ቢታንያ ድንኳኑ ውስጥ አቀርቅራ ተቀመጠች፤ ቀና ብትል ከማን ዓይን ጋር እንደምትጋጠም አታውቅም። አራሷ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። «እኔ ደግሞ ይኼን ልጅ በምን ልጠበው?» አለች። ትንሽ ቆመችና ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ታጠባው ጀመር።

ከዚያ ከደረጃው የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ያፌት በየፎቁ እያረፉ ይወርዱ ነበር። ሲደርሱ ለመናገር ትንፋሽ አልነበራቸውም፤ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ሕይወት በዚሁ ሆነ። ለቀስተኛ የሌለበት ድንኳን ድንኳን አይባልምና ጎረቤቶች በተራ ይቀመጣሉ። አንዱ ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ ሌላው ቦታውን ይይዛል። ያጉረመረሙም አሉ፤ ዓይኑን ጨርሶ ያላሳየ ጎረቤትም አለ። በየማለዳው ከኮሌጁ የተላከች፣ እርግብ የምታህል በራሪ መሣሪያ መጥታ ከሸራው በላይ ትቆምና በሳምራዊት ድምፅ ድንኳኑ መቼ እንደሚነሳ ትጠይቃለች። ጋሽ ያፌት «ለቀስተኛ አላለቀም፣ ልጄ» ይሏታል። እሷም አመስግና ትሄዳለች። ቢታንያ በሌሊት ብርድ ከልጇ ጎን ጋደም ብላ ታስባለች፤ ልጇን ከኮሌጁ ያወጣቻት ከአንዱ ካስማ እስከ ሌላው ካስማ ላለው ስፍራ ብቻ ነው። ሸራውም አንድ ቀን ይበሰብሳል።

አንድ ቀን በማለዳ ዝናብ ጣለ። ሸራው በውኃ ከብዶ አጎነበሰ፤ ሰዉም ወደ መሃል ተሰበሰበ። ወሬ አልቋል። ጋሽ ያፌት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይትባረክ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ገበሬ…»

ቢታንያ ልታስቆማቸው እጇን አነሣች፤ ረፈደባት።

«…ሊቆረጥ መጣና፣ እንደ ሀብታም አድርገህ…»

«ሰምቼዋለሁ።»

ድምፁ የመጣው ከጋቢው ሥር ነው። ሻካራ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ በር ይመስል ነበር። በስልኩ ውስጥ ካለው ድምፅ ጋር በምንም አይገናኝም። ጋሽ ያፌት አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። አላስጨረሰቻቸውም፤ እሳቸውም አልጨረሱም።

ከውጭ በዝናቡ መሃል በራሪዋ መጥታ ቆማለች። በሳምራዊት ድምፅ፣ በዚያው ትህትና፣ ድንኳኑ መቼ እንደሚነሳ ጠየቀች። ቢታንያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ዝናቡ ውስጥ ወጣች፤ ከግቢው ጥግ ድንጋይ አነሣች። በጭቃው የላላውን ካስማ መልሳ መምታት ጀመረች።